እንባ ጠባቂን ማን ይሹመው?

ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ አንዲት የቆየች ጓደኛዬ «ቡና ልጋብዝህ» ብላ ጠራችኝ። መምህርት ናት፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 11 ዓመት አስተምራለች። የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወው፤ ቢጠራም ለነገራችን የሚጨምርልን የለም። ያዘዝነው ማኪያቶ እስኪመጣ እንኳ አልታገሠችም። ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። ፍሬ ነገሩ «የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ እንባ ጠባቂ ሆነው እንዲያገለግሉ የታጩ ስለሆነ ፈቃደኛነትዎን በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲገልጹ» ይላል። ከግርጌው የፕሬዚዳንቱ ፊርማ አለ።

«ሹመት ያዳብር!» አልኳት።

አልሳቀችም። «እስቲ ቀልዱን ተወውና ንገረኝ፤ ልቀበለው ወይስ ይቅርብኝ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ መቅረቡ ራሱ ይገርማል። ከጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬና በየመጽሔቱ ከምጭራቸው ጽሑፎች በቀር ስለ ሹመት የማውቀው የለኝም፤ ተሹሜም አላውቅ። ቢሆንም ያገራችን ሰው ምክር ሲጠየቅ «አላውቅም» ማለት ነውር ይመስለዋልና እኔም ባህሌን አላስነቀፍኩም። «ተቀበይ እንጂ! አንቺ ያልተቀበልሽውን ማን ሊቀበለው ነው?» አልኳት። እሷ ግን በጣቷ ፊርማውን ነካ አድርጋ «በዚህ ሰውዬ ላይ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ቢኖርስ? ሹሞኝ፣ ቢሮ ሰጥቶኝ፣ አበል ከፍሎኝ፣ ሲያሻው ደግሞ ሊያነሳኝ የሚችለውን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው ነው?» አለች።

ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ያን ቀን ቁም ነገር ያለው መልስ ሳልሰጣት ተለያየን። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ያልመለስኩት ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከቃሉ ልጀምር። «ኦምቡድስማን» የሚለው ቃል የስዊድኖች ነው፤ በነሱ ቋንቋ ወኪል፣ እንደራሴ እንደማለት ነው። ወደ እኛ ሲመጣ «እንባ ጠባቂ» ሆነ። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእንባ ጠባቂ ተቋም እንዲያቋቁም አዘዘ፤ ተቋሙም በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 211 ተመሠረተ። እነሱ ስለ ውክልና ሲያስቡ እኛ ስለ እንባ አሰብን ማለት ነው። ቃሉን ያወጣው ሰው ቅኔ ሳይቆጥር የቀረ አይመስለኝም። በአማርኛ «ጠበቀ» ሁለት ነው፤ ዘብ ቆመ ማለትም ነው፣ እስኪመጣ ድረስ ቆየ ማለትም ነው። እንግዲህ እንባ ጠባቂ የሚባለው እንባ እንዳይፈስ ዘብ የሚቆም ነው ወይስ እንባ እስኪፈስ ተቀምጦ የሚጠብቅ? ጓደኛዬን ያስጨነቃት ይኸው ሁለተኛው ትርጉም ነው። (በነገራችን ላይ፣ ፈረንጆቹ ቃሉ ወንድ ወንድ ይላል ብለው ሲነታረኩና ጅራቱን ሲቆርጡ ሲቀጥሉ ከርመዋል። የእኛው ቃል ወንድም ሴትም አይልም። ከዚህ ጣጣ በነፃ ወጥተናል።)

ታሪኩን ያየ ሰው እንባ ጠባቂ ሁለት ጊዜ መወለዱን ያስተውላል። የስዊድኑ ንጉሥ ካርል 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1709 ፖልታቫ ላይ በሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ድል ተመትቶ ወደ ኦቶማን ቱርኮች ግዛት ሸሸ። ዓመታት በስደት ተቀመጠ። አገሩ ያለ ንጉሥ ስትቀር ሹማምንቱ እንዳሻቸው እየሆኑ አስቸገሩት፤ ስለዚህ በ1713 ከስደት ቦታው ሆኖ ሹማምንቱ ሕግ ማክበራቸውን የሚከታተልለት አንድ ከፍተኛ ኦምቡድስማን እንዲኖር ትእዛዝ ሰደደ። ይህ የመጀመሪያው ልደት ነው። ሰውየው የንጉሡ ዓይን ነበር። ንጉሡን ራሱን ግን የሚያይ ዓይን አልነበረም።

ሁለተኛው ልደት የመጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1809 ስዊድኖች ፊንላንድን በሩሲያ ተነጥቀው፣ ንጉሣቸውን ጉስታቭ 4ኛ አዶልፍን ከዙፋን አውርደው አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ። በዚያ ሕገ መንግሥት ኦምቡድስማንን የሚመርጠው ንጉሡ መሆኑ ቀርቶ ፓርላማው ሆነ። በ1810 ላርስ አውጉስቲን ማነርሃይም የሚባል ሰው ተመረጠ። ዛሬ በየአገሩ ያለው እንባ ጠባቂ አባቴ የሚለው ይህንን የ1809ኙን ነው። የ1713ቱን ብዙ ሰው አያነሳውም። እኔ ግን፣ በተለይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስንገባ፣ የሚበዛው የ1713ቱ ልጅ ይመስለኛል።

የ1713ቱን ዓይነት እኛም እናውቀዋለን። የዙፋን ችሎት ምን ነበር? የተበደለ ሰው «ጃንሆይ!» ብሎ ጮሆ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ የሚደርስበት መንገድ ነበር። ብዙ ደሀ በዚያ መንገድ ርስቱን እንዳስመለሰ ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ጆሮው የንጉሡ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ተረት የተረቱት ይግባኙ የት ላይ እንደሚያልቅ በሚገባ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ። በሰሜን አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባ ጠባቂ ያቆመው የካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዓመቱ 1965 እ.ኤ.አ.፣ ሐሳቡም የመጣው ከተማሪዎቹ ነበር። በ1967 ሚሺጋን ስቴት ተከተለ። ያ ዘመን ተማሪ በየአገሩ ያመፀበት ዘመን ስለነበር የዩኒቨርሲቲ አለቆች ጩኸቱ ከአደባባይ ወደ ቢሮ እንዲገባላቸው ይፈልጉ ነበር ብዬ ብጠረጥር ማንም አይፈርድብኝም። የሚሺጋኑ ደንብ እንባ ጠባቂውን ፕሬዚዳንቱ ከነባር መምህራን መካከል ይሹመዋል ይላል። በሩ ከፕሬዚዳንቱ ጀምሮ ለማንኛውም ሹም ክፍት ነው፤ መጠየቅ ይችላል፣ መመርመር ይችላል። ፍርድ ግን አይሰጥም። ማስማማት፣ መምከር፣ መንገድ ማሳየት ነው ሥራው።

ይህን ያነበበ ሰው ወዲያው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን ተረቱን ከተረትኩ በኋላ አንድ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ።

በዲፕሎማው ትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ በአንድ ኮርስ «ኤፍ» መጣብኝ። ከዚያ በፊት በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ አንድ መምህር የማርፈድ ልማድ ስም ሳልጠራ ቀለድ ያለች ጽሑፍ ጽፌ ነበር፤ ስም ባልጠራም ሰውየው ራሱን ያወቀ ይመስለኛል። ዛሬ ሳስበው ፈተናውን በእርግጥ ወድቄ ይሆን ይሆናል። ያን ጊዜ ግን በቀል መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ፤ «መምህሩን አነጋግር» አለኝ። መምህሩ «ውጤቱን አስገብቻለሁ፤ ሬጅስትራር ጠይቅ» አለኝ። ሬጅስትራር ወደ ዲኑ፣ ዲኑ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ኃላፊ። ሦስት ሳምንት እንደ ጠላ ጣሳ ከእጅ ወደ እጅ ዞርኩ። ከነሱ አንዳቸውም አልሰደቡኝም። አንዳቸውም ግን «ተቀመጥ» አላሉኝም።

በመጨረሻ «ተቀመጥ» ያለችኝ የሬጅስትራሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ስለ ውጤት የመወሰን ሥልጣን ቀርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንኳ የላትም። ውሃ በብርጭቆ ሰጠችኝ፤ የማወራውን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ አንድ አቧራ የጠጣ የደንብ መጽሐፍ አውጥታ ጣቷን በአንድ መስመር ላይ አኖረች። የፈተና ወረቀቴ በሌላ መምህር እንደገና እንዲታረምልኝ የመጠየቅ መብት ነበረኝ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ ስዞር ያለፈው በዚያው ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። «ልጄ፣ ቀኑ አልፏል። ግን መብትህ ይኸ ነበር» አለችኝ። ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ደገምኩት።

ታዲያ ያቺ ሴት ምን አደረገችልኝ? ከውጤቱ አንጻር ምንም። ሆኖም ከዚያ ቢሮ ስወጣ ስገባ የነበርኩት ሰው አልነበርኩም። ሰው ሲበደል ሁለት ነገር ይወሰድበታል፤ አንዱ ነገሩ ራሱ ነው፣ ሌላው «እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ እነሱ?» ከሚለው ጥያቄ የሚያድነው ሚዛን ነው። ሁለተኛውን መልሳልኛለች። ሥልጣን የሌለው ጆሮ ከንቱ ነው የሚለኝ ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ይሁንና እዚያው ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያቺ ሴት በሦስተኛው ቀን ብትገኝልኝ ኖሮ ወረቀቴ እንደገና ይታረም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስለተገኘች ያደረገችልኝ እንባዬን ማበስ ብቻ ሆነ። ተቋሙም ተጠቀመ፤ ተናድጄ ልወጣ የነበርኩት ልጅ ተረጋግቼ ወጣሁ። እንባ ጠባቂ የሚባለው ሰው ሳያውቀው የተቋሙ መሐረብ ሊሆን ይችላል። ደግ ሰው ሲሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ መሐረብ ይሆናል።

ለዚህም ነው ጓደኛዬ ስለ ቀድሞው እንባ ጠባቂ የነገረችኝ ታሪክ ከአእምሮዬ ያልጠፋው። ሰውየው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ መልካም ሰው እንደነበሩ ትመሰክርላቸዋለች። ቢሯቸው ግን ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ጋር በአንድ ኮሪደር ላይ ነበር። የሚገባው በአንዲት ጸሐፊ ክፍል በኩል ነው፤ አቤት ባዩ መጀመሪያ ስሙንና ጉዳዩን ለጸሐፊዋ ማስመዝገብ አለበት። በመጨረሻው ዓመታቸው የመጡላቸው 7 ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ሲገባ «በግቢያችን ቅሬታ እየቀነሰ መምጣቱን ያመለክታል» የሚል ማብራሪያ ተጻፈለት።

የመስኮቱንና የበሩን ነገር ተራ ጉዳይ የሚያደርግ ሰው ሚሺጋን ስቴትን ይመልከት። ያ ዩኒቨርሲቲ ከ1967 ጀምሮ እንባ ጠባቂ ቢሮ ተለይቶት አያውቅም። በዚያው ግቢ ላሪ ናሳር የሚባል የስፖርት ሐኪም በሕክምና ስም በመቶ በሚቆጠሩ ልጃገረዶችና ሴቶች ላይ ለብዙ ዓመታት ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጽም ኖረ። ከተጠቂዎቹ መካከል ገና በ1990ዎቹ መጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች ተናግረን ነበር ያሉ አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሐኪሙ የተፈረደበት በ2018 ነው፤ በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀቁ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለ332 ከሳሾች 500 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ጥፋቱን በእንባ ጠባቂው ቢሮ ላይ ልጭን አይደለም፤ ያን ለማለት የሚያበቃ ነገር በእጄ የለም። የምለው በአንድ ግቢ ውስጥ እንባ ጠባቂ የሚል ጽሑፍ ያለበት በር መኖሩ እንባው ወደዚያ በር እንዲሄድ አያደርገውም ነው። እንባ የሚሄደው የሚያምነው ሰው ወዳለበት ነው። እዚያም ደርሶ የሚሰማው ካጣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

ጓደኛዬን ለሁለተኛ ጊዜ ያገኘኋት ደብዳቤው ከሰጣት 10 ቀን 6ቱ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዋ ቢሮዋ መጥታ በር ዘግታ አለቀሰች። ስለ አንድ መምህር ነው። «ለማንም እንዳትነግሪ ማይልኝ» አስምላታለች። ማለችላት። ጠበቀችላት። ልጅቷ በወሩ ዊዝድሮዋል ሞልታ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። መምህሩ ዛሬም ያስተምራል፤ ጓደኛዬ በኮሪደር ላይ ሲያልፍ ሰላም ትለዋለች።

«መሐላውን ማፍረስ ነበረብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ የእንባ ጠባቂነት ትልቁ የሕሊና ጥያቄ ይመጣል። በዓለም ላይ ያሉት የዚህ ሙያ ሰዎች ማኅበር ገለልተኛነትን፣ ነፃነትንና ኢመደበኛነትን ከምሥጢር ጠባቂነት ጋር የሙያው ምሰሶዎች ያደርጋቸዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የነገሩት ነገር በማግስቱ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚዞር ከሆነ ማንም አይመጣም። ግን ምሥጢሩ የሚጠብቀው ማንን ነው? የተናገረችውን ልጅ ይጠብቃል፤ ያልሰማነውን ሰውዬም ይጠብቃል። ቀጥላ የምትመጣውን ሦስተኛዋን ልጅ ግን የሚጠብቃት የለም። እኔ በጽሑፍ የለመድኩትን ብልሃት አቀረብኩላት፤ ስም ሳትጠሪ «በዚህ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር አለና ተመልከቱ» ማለት ይቻላል አልኳት። ሳቀችብኝ። «በዚያ ክፍል በዚያ ዓመት የነበሩት ሴቶች 3 ናቸው። ስም አለመጥራት ስም መጥራት ነው» አለች። የግድግዳ ጋዜጣዬ ትዝ አለኝ።

እንዲያም ሆኖ ምሥጢሩ የልጅቷ ነው ብዬ አምናለሁ። እንባው የአልቃሿ ንብረት ነው፤ ጠባቂው ባለ አደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። የጓደኛዬ ስሕተት፣ ስሕተት ከተባለ፣ መሐላውን መጠበቋ አይመስለኝም። ከማሏ በፊት «የማደርግልሽ ይህን ያህል ነው፣ የማልችለው ይህን ነው፤ እንዲህ ያለ መንገድም አለ፣ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለማለቷ ነው። ያንን ለማለት ግን መንገዱ መኖር ነበረበት። አልነበረም። በመሐላ ብቻ የቀረች ሴት ነበረች።

እንግዲህ ስለ ሹመቱ። ያገራችን ሽማግሌ የሚታመነው ለምንድን ነው? ደመወዝ ስለማይበላ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ስለመረጠው ነው። አንዱ «በአያ እገሌ ይሁንልኝ» ሲል ሌላው «በአያ እገሌ» ይላል፣ ከዚያ ይቀመጣሉ። የዩኒቨርሲቲ እንባ ጠባቂ ሽማግሌ ነኝ እያለ የሚመረጠው ግን በአንደኛው ወገን፣ ያውም በጉልበተኛው ወገን ብቻ ነው። በስፔን በ2001 የወጣው የዩኒቨርሲቲ ሕግ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ እንባ ጠባቂ እንዲኖረው ሲያስገድድ፣ ሹሙ ከየትኛውም የዩኒቨርሲቲ አካል ትእዛዝ እንደማይቀበል አብሮ ደንግጓል። እንግሊዞች ደግሞ በ2004 ባወጡት ሕግ ነገሩን ጭራሽ ከግቢ አውጥተው፣ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ደጅ ጠንቶ ሲያበቃ የሚሄድበት ከሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ውጭ የቆመ አካል ፈጠሩ። ከዚያ በፊት በብዙ የድሮ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ይህን ሥራ የሚሠራው ጳጳስ ወይም ዘውዱ ነበር።

እኛ ጋ «ለማን አቤት ይባል» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ1985 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን ሲሰናበቱ በግቢው ውስጥ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የመጠየቅ ሥራ የተሰጠው ሰው አልነበረም፤ በአገርም ደረጃ የእንባ ጠባቂው አዋጅ ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር። ፕሮፌሰር አቤት የሚልበት ካጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የት ይደርሳል?

ለጓደኛዬ በመጨረሻ ያልኳት ይህ ነው፤ ማን እንደሾመሽ ከመጠየቅሽ በፊት ማን ሊሽርሽ እንደሚችል ጠይቂ። የጥንቱ ሹም ሽር የሚያስፈራው ሹሙ ሳይሆን ሽሩ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ይሹም፣ ግድ የለም፤ ግን ቢያንስ ተማሪዎቹና መምህራኑ ስምሽን አይተው «ይሁን» ይበሉ፤ የሥራ ዘመንሽ በቁጥር ይጻፍ፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ብቻውን ሊያነሳሽ አይቻለው። ስትጨርሺ ወደ ማስተማርሽ የምትመለሺ መሆንሽም ይጻፍ፤ መመለሻ የሌለው ሰው ደፋር አይሆንም። ሪፖርትሽን ለሴኔቱ አንብቢው፤ ማብራሪያውን ሌላ ሰው አይጻፍልሽ። «በሩስ?» አለችኝ። በሩን ረስቼው ነበር። እሷ ግን ከሁሉ በፊት የጻፈችው በሩን ነው።

መልሷን በዘጠነኛው ቀን አስገባች። እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ለምዶት የማያውቅ ቢሮ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ጠርተው በሩን ፈቀዱላት፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከዘበኞች ማረፊያ አጠገብ ያለች፣ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት። የሥራ ዘመኑ 3 ዓመት ይሁን ብለዋል። ስለ መሻሩና ስለ ሪፖርቱ «እንነጋገርበታለን» አሏት። ይህ ቃል በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ክፍሏን ላሳይህ ብላ ወሰደችኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት። የኳስ ሽታ ገና አልለቀቃትም። የእንግዳው ወንበር ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ አዞረችውና በውጭ የሚያልፍ ሰው የተቀማጩን ጀርባ እንጂ ፊቱን እንዳያይ አደረገችው። ከዚያ ወጥታ በመስኮቱ በኩል አየች፤ እኔን አስቀምጣ ደግማ አየች።

«ፈረምሽ እንዴ?» አልኳት።

«አልፈረምኩም» አለችና ወንበሩን ትንሽ ወደ ግራ ሳበችው።